ለተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ይሻላል ወይስ መርፌ?

የዘጌ ልጅ (ጠያቂ)፦
አባቴ የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው። ሽንት እየከለከላቸው ለወራት ከተቸገሩ በኋላ ባሕር ዳር አምጥተናቸው፣ በደምና በናሙና ምርመራ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው፣ ሕመሙም ወደ ወገብ አጥንታቸው መዝለቁ ተነገረን። ሐኪማቸው የዘር ፍሬያቸውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም በየሦስት ወሩ የሆርሞን መርፌ መውሰድ እንደሚቻል ገልጸውልናል። ወንድሞቼ መርፌውን መርጠዋል፤ እኔ ግን ከዘጌ በጀልባ እያመላለስን፣ ገንዘቡንም ሳናጓድል መቀጠላችን ያሳስበኛል። ሁለቱ በውጤት ይለያያሉ? ፕሮስቴቱ ራሱ የማይወጣውስ ለምንድን ነው? ለአባቴ የነገርናቸው «የሽንት ቧንቧ ችግር ነው» ብለን ብቻ ነው።

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
ሕመሙ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮስቴቱን ማውጣት የተሰራጨውን ስለማያስቀር፣ ዋናው ሕክምና ካንሰሩ የሚያድግበትን፣ በአብዛኛው ከዘር ፍሬ የሚመነጨውን ቴስቶስቴሮን የተባለ የወንድ ሆርሞን መቀነስ ነው። ይህን ዶክተር ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 እ.ኤ.አ. አሳይተው በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ዕድሜን በማራዘም ረገድ ቀዶ ሕክምናውና መርፌው ተመጣጣኝ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ሆርሞኑም በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ ነገር ግን የወጣው አይመለስም። በብዛት የሚሰጠው መርፌ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆርሞኑን ከፍ ስለሚያደርገው፣ እንደ አባትዎ አከርካሪው ለተነካ ሰው የሆርሞኑን ሥራ የሚያግድ ባይካሉታማይድን የመሰለ ኪኒን አብሮ ካልታዘዘ ያሰጋል፤ ቀጠሮው ሲዘገይም ሆርሞኑ መልሶ ያንሰራራል። የሰውነት ድንገተኛ መጋል፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ የጡንቻና የአጥንት መሳሳት በሁለቱም ይመጣሉ። መመላለሱ ለሚከብደው ቤተሰብ እኔ ወደ ቀዶ ሕክምናው አደላለሁ።

የአጎቱ አስታማሚ፦
ወንድሜ፣ የሚቀድመው አባትዎ ሕመማቸውን ማወቃቸው ነው። ከሰውነታቸው ምን እንደሚወጣና ለምን እንደሚወጣ ሳያውቁ መፈረም አይችሉም፤ በሽታውን ደብቆ ፈቃድ መጠየቅ ለአዛውንት ክብር አይመጥንም። ለአጎቴ ሐኪሙ ራሳቸው በእርጋታ ሲነግሯቸው፣ የንስሐ አባታቸውን አማክረው ቀዶ ሕክምናውን መረጡ። ጠበላቸውንም አላቋረጡም፣ ኪኒናቸውንም አላስታጎሉም፤ ሁለቱ እንደማይጣሉ ካህኑም ነግረዋቸው ነበር።

የዘጌ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን ሐኪሙ እንዲነግሯቸው እንጠይቃለን። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
አቅም ከፈቀደ ስለ አቢራቴሮን ይጠይቁ። ሆርሞኑ በጥቂቱ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎችም ስለሚመነጭ፣ ይህን የሚከለክለውን ኪኒን ፕሬድኒሶሎን ከተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ጋር መጨመር ዕድሜ እንደሚያራዝም በ2017 እ.ኤ.አ. በወጡ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል፤ ሆኖም የደም ግፊት፣ የፖታሲየምና የጉበት ክትትል ይፈልጋል። ኬሞቴራፒም ለአንዳንዶች ይታዘዛል፤ አንድ ቦታ ላይ ለጠና የአጥንት ሕመም ደግሞ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ጨረር እንኳ ብዙ ያስታግሳል። ፒኤስኤው (ካንሰሩን ለመከታተል በደም ምርመራ የሚለካው የፕሮስቴት ፕሮቲን) ዝቅ ቢልም ካንሰሩ ከጊዜ በኋላ ሆርሞን እያነሰውም ማደግ ሊጀምር ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥ። በተለይ የወገብ ሕመሙ በርትቶ እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል አድርሷቸው፤ አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ ተጭኖ ከሆነ በሰዓታት መዘግየት እግራቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል።