የስትራቴን ፒክአፕ ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪው፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ በናታችሁ አንድ ነገር ምከሩኝ። ሁለተኛ እጅ የገዛኋት የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር) ኮፒ አለችኝ፣ ሦስት ሲንግል ኮይል ያላት፤ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ፒክአፖቿ እያንዳንዳቸው አንድ የሽቦ ጥቅል ነው ያላቸው። ቅኝት ትይዛለች፣ አንገቷም ደህና ነው። ግን ትዝታ ስጫወት አንዷን ኖታ ላቆያት ስል ቶሎ ትሞትብኛለች። ከአምፑ የሚወጣው ዝዝ የሚል ድምፅ፣ ዝዝታውም አስቸግሮኛል፤ ክሩን በእጄ ስነካ ይቀንሳል። የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ስለሚመጣ ፒክአፕ ላስመጣ ነው። ሀምበከር (ባለሁለት ጥቅሉ ፒክአፕ) ይሻላል? «ኦሙ (የሽቦው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከፍ ያለውን ግዛ» የሚሉኝስ እውነት ነው?

የሱሉልታው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካቻቢቴ ያዝ። ፒክአፑ ለክሩ በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ ኖታው የሚሞተው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት ዘንግ) ላይ ክሩን ተጫንና በክሩና በፒክአፑ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካ። በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር አድርገህ ጀምር፣ ከዚያ የፒክአፑን ብሎን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልክ ለጆሮህ አስተካክል። እኔ ድምፅ ይጨምራል ብዬ እስከ ጥግ አውጥቼው ስንት ወር ተሰቃየሁ! ዝቅ ሳደርገው ነው ጊታሬ የተመለሰችልኝ።

ካውያ፣ ከለገጣፎ፦
ኦም ብቻውን ምንም አይነግርህም። የፒክአፑ ሽቦ ከቀጠነ የጥቅሉ ዙር ሳይጨምር ኦሙ ይጨምራል፣ ስለ ማግኔቱ ደግሞ ጭራሽ አያወራም። የድሮ ስትራት ፒክአፕ 6 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፣ ግን እንደ ክራር ጥርት ብሎ ይወጣል። ዙር ሲበዛ ጉልበት ይጨምራል፣ ጥራቱ ግን እየደፈነ ይሄዳል። ትዝታና አንቺሆዬ ለሚጫወት ሰው እኔ አልኒኮ 5 የሚባል ማግኔት ያለው ሲንግል ነው የምመርጠው።

ክሩን ስትነካ ከቀነሰ የክሩ ግራውንድ (የመሬት መስመሩ) ይሠራል ማለት ነው፣ የጊታሯን ሆድ፣ ፒክአፑና ሽቦው ያለበትን ጉድጓድ፣ በመዳብ ቴፕ ሸፍንና ግራውንድ ላይ አገናኘው። ከአምፑ ትራንስፎርመር የሚመጣውን ግን ቴፕ አያቆመውም፣ ራቅ በል ወይም ዞር ብለህ ተቀመጥ። ሴት ላቨር በ1955 ጊብሰን ቤት ሀምበከር የሠራው ለዚሁ ነው፤ ሁለት ጥቅል በተቃራኒ ተያይዘው ዝዝታውን ያጣፋሉ። ሙሉ ሀምበከር ካንተ ቀዳዳ አይገባም፣ እንጨት ልታስቆርጥ ነው። ከፈለግክ በሲንግል መጠን የተሠራውን አስመጣ። ለሲንግል 250፣ ለሀምበከር 500 ኪሎ ኦም ፖት (የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያው) እንደሚለመድም አትርሳ።

ቤዚስቱ፣ ከሰበታ፦
ከመቀየርህ በፊት የጊታሯን ድምፅ ቅዳና በኋላ አወዳድር። ያው አምፕ፣ ያው ቮልዩም፣ ያው ዜማ። ክሩን ቀድመህ ቀይር፣ አለበለዚያ የአዲስ ክር ድምፅ የፒክአፑ ይመስልሃል። የፒክአፕ መምረጫውን ስዊችም ሁለተኛው ቦታ ላይ አድርገው፣ የመሃሉና የብሪጁ (ክሩ ከታች የሚያርፍበት) ፒክአፕ አብረው የሚሠሩበት፤ ዝዝታው ከጠፋ የመሃሉ በተቃራኒ የተጠቀለለ ነው። አንዱን ብቻ ስትቀይር ይህን ለሻጩ ካልነገርክ ያ ጥቅም ሊጠፋ ይችላል።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ! ለካሁት፣ በወፍራሙ በኩል 1 ሚሊሜትር እንኳ አልነበረም። ዝቅ አድርጌው ኖታዋ ቆየችልኝ። ሁለተኛው ላይም ዝዝታው ጠፋ። ለአጎቴ ልጅ የመዳብ ቴፕና ክር ብቻ ጻፍኩለት።