«ዋች» እና «ዋርኒንግ» በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ አብራኝ ናት። ስልኬ ላይ «ቶርኔዶ ዋች» የሚል የአየር ሁኔታ መልእክት መጣና (ቶርኔዶ የሚሽከረከር ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው) «ምን አለ?» ስትለኝ «ማስጠንቀቂያ ነው» አልኳት። በሌላ ቀን «ፍላሽ ፍለድ ዋርኒንግ» እያለ ሲጮህም ያንኑ ደገምኩላት። «የናንተ ስልክ ሁልጊዜ ያስጠነቅቃል፣ ምንም ሲመጣ አላየሁም» ብላ ትስቃለች። በምን እንለያቸው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው። ሁለቱንም «ማስጠንቀቂያ» ካልናቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይመጣል።

«ዋች» ሲባል አደጋው ገና አልመጣም፤ አየሩ ግን ለዚያ ተመቻችቷል። የቶርኔዶ ዋች የሚወጣው ኦክላሆማ ኖርማን ካለው የማዕበል ትንበያ ማዕከል ነው። ብዙ ካውንቲ (የአስተዳደር አካባቢ) ይሸፍናል፣ ለሰዓታት ይቆያል። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ግን አደጋው በራዳር ወይም በዓይን ሲታይ ነው። እሱን የሚያወጣው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የአካባቢው ቢሮ ነው፤ ለዋሽንግተን ዙሪያ ቨርጂኒያ ስተርሊንግ ያለው። የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ነው፤ ጊዜውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው።

ስለዚህ እኔ ዋችን «በተጠንቀቅ ጠብቁ»፣ ዋርኒንግን «አሁኑኑ ተጠለሉ» እላለሁ። ስም ፍለጋ ከምንደክም በትእዛዝ ብንተረጉመው ይሻላል። «አድቫይዘሪ» የሚባለው መልእክት ደግሞ ከዋርኒንግ የቀለለ ነው፤ «ማሳሰቢያ» ይበቃዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የዋች ሰዓት የመታጠቂያ ሰዓት ነው። ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ባትሪ መብራት ይፈለጋል፣ ጫማ አልጋ ሥር ይቀመጣል፣ የት እንደሚገባ ይወሰናል።

መልስ 2፦
በ«ፍላሽ ፍለድ» ላይ ልጨምር። ዜና ላይ «ድንገተኛ ጎርፍ» ይሉታል። እኔ ግን «ደራሽ ጎርፍ»ን አለቅም። ደራሽ ማለት ከሌላ ቦታ ተነስቶ የሚደርስብህ ነው፤ ውሃው የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያጠፋት ጎርፍ ከዙሪያዋ ደጋ ወርዶ ነው በሌሊት የገባው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ያን ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ሞተ። «እዚህ እኮ አልዘነበም» ማለት ዋስትና አይደለም።

«እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የምንለውም መኪና ላይ በደንብ ይታያል። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሲደርስ አብዛኞቹን መኪኖች ይዞ ይሄዳል። መንገዱ በውሃ ከተሸፈነ መመለስ ነው፣ ሌላ ብልሃት የለውም።

ጠያቂዋ፦
እኛ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ቤት) ነው የተከራየነው። ለቶርኔዶ ውረዱ ይላሉ፣ ለጎርፍ ውጡ ይላሉ። ሁለቱ አብረው ቢመጡስ?

መልስ 1፦
አብረው ይመጣሉ እኮ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 አይዳ የተባለው ሀሪኬን (የባሕር ማዕበል) ርዝራዥ ሲያልፍ እዚሁ ሜሪላንድ አናፖሊስን ቶርኔዶ መታት። በዚያው ቀን ሮክቪል ውስጥ ውሃ ቤዝመንት አፓርታማዎች ገብቶ የ19 ዓመት ወጣት ሞተ። ኒውዮርክም በዚያ ሌሊት ቤዝመንት ውስጥ ያለቁት ብዙ ናቸው።

ስለዚህ የደራሽ ጎርፍ ዋርኒንግ ከመጣ ውሃው በር ላይ እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወደ ላይ ውጡ። የቶርኔዶውም ከተጨመረ ውሃ በማይደርስበት ዝቅተኛው ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት ወይም ኮሪደር፣ ግቡ። ከላይ የሚኖሩትን ጎረቤቶች ወይም አከራያችሁን ዛሬውኑ አናግሩ። በሌሊት በር ማንኳኳት ያሳፍራል ብላችሁ እንዳትቀሩ።

መልስ 3፦
ትርጉሙን ወድጄዋለሁ፤ ግን እንግሊዝኛውንም አስተምሩልን። ቴሌቪዥኑ «በተጠንቀቅ ጠብቁ» አይልም። እናቶቻችን ብቻቸውን ሲሆኑ የሚሰሙት «ዋርኒንግ» የሚለውን ድምፅ ነው፤ እሱን ሲሰሙ መነሳት አለባቸው። የካውንቲያቸውንም ስም ይልመዱ። «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ዜናው «ሞንጎመሪ ካውንቲ» ሲል ስለሌላ ሰው የሚወራ ይመስለዋል። እኛ ቤት ፍሪጅ ላይ በአማርኛ ፊደል ጽፈን ለጥፈነዋል፦ ሞንጎመሪ።