የሞል ኮሪደር በሊድ ምድብ፦ ሰው የሚውልበት ወይስ የሚያልፍበት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለባለ 4 ፎቅ የገበያ ማዕከል የሊድ ቪ4 (ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃዎች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት 4ኛ ዕትም) የቦታ ዝርዝር እያዘጋጀን ነው። ሱቆቹ ሰው የሚውልባቸው መሆናቸው ግልጽ ነው። ያከራከረን መሃል ያለው ሰፊ ኮሪደር ነው፤ ገበያተኛው እዚያ ሲዘዋወር ከሰዓት በላይ ይቆያል። ኪዮስኮችና የመረጃ ዴስክም አሉበት። የትኛው ምድብ ውስጥ ይግባ? የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር (መለኪያ) ያስፈልገዋል?

መልስ 1
ሰዓቱ ብቻውን አይወስንም። መስፈርቱ የሚጠይቀው አንድ ሰው በቀን በአማካይ ከ1 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ፣ ተቀምጦም ይሁን ቆሞ፣ ሥራ ወይም ትኩረት የሚሻ ነገር ማከናወኑን ነው። መዘዋወር ከዚህ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ኮሪደሩ ሰው የሚያልፍበት ነው። የኪዮስኩ ሻጭና የመረጃ ዴስኩ ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላሉ። እነሱ የሚሠሩበትን ወለል ከኮሪደሩ ለይታችሁ ሰው የሚውልበት በሚለው መዝግቡት።

ሱቅ ውስጥ የሚበዛው ስህተት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በመደርደሪያዎች መካከል ያለው መተላለፊያ ከሽያጭ ወለሉ ጋር ይቆጠራል፣ አይቀነስም። የልብስ መለኪያውና የሱቁ ዕቃ ማስቀመጫ ሰው የሚያልፍባቸው ናቸው። የፉድ ኮርቱ መመገቢያም ሆነ ወጥ ቤት ሰው ይውልባቸዋል። ለአደጋ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ደረጃ ሰው የሌለበት ምድብ ነው።

መልስ 2
ሴንሰሩ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሚፈለገው ቦታው ስለሚጨናነቅ እንጂ ሰው ስለሚውልበት አይደለም። ወሰኑ ለአንድ ሰው 3.7 ካሬ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። የራሳችሁ የሰው ብዛት ስሌት ከሌለ የአሽሬ 62.1 (የአሜሪካ የአየር ማናፈሻ ደረጃ) መነሻ ቁጥሮችን ውሰዱ። ለሞል የጋራ ቦታ በ100 ካሬ ሜትር 40 ሰው ስለሚል ለአንዱ 2.5 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ስለዚህ ኮሪደሩ ሰው ባይውልበትም የተጨናነቀ ነው። ለሽያጭ ወለል ቁጥሩ 15 ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው 6.7 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከዚህ መስፈርት ይወጣል። ለሬስቶራንት መመገቢያ 70 ነው፣ ጥርጥር የለውም።

ለሴንሰሩ የሚሰጠውን የሊድ ነጥብ ለማግኘት ሴንሰሩ ከወለሉ ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ብዙዎች የሚወድቁት የአየር መመለሻ ቱቦ ውስጥ በመክተት ነው። ልኬቱ ከተቀመጠው ወሰን በ10% ሲያልፍም በድምፅ ወይም በመብራት ማስጠንቀቅ፣ አለዚያም ለሕንፃው መቆጣጠሪያ ማሳወቅ ይኖርበታል።

መልስ 3
የተፈጥሮ ብርሃኑን ስሌትም ከአሁኑ አስቡበት። ኮሪደሩ የመስታወት ጣሪያ ካለው ሰው የሚውልበት ብላችሁ ፐርሰንቱን ከፍ ማድረግ ያጓጓል፤ አይቻልም። ስሌቱን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ከሠራችሁ፣ ሰው ከሚውልበት ወለል ቢያንስ 55% በዓመቱ የመጠቀሚያ ሰዓት ግማሽ ያህል 300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ማግኘት አለበት። ከኮሪደሩ ወደ ውስጥ የጠለቁና መስኮት የሌላቸው ሱቆች ይህን አያሟሉም፤ ነጥቡን ትቶ ጉልበትን ሌላ ላይ ማዋል ይሻላል። ዋናው ነገር ለሁሉም ነጥቦች አንድ የቦታ ዝርዝር መጠቀም ነው። አንዱ ክፍል በአየር ስሌቱ አንድ፣ በብርሃን ስሌቱ ሌላ ስም ይዞ ከተገኘ ገምጋሚው ሰነዱን ይመልሰዋል።