መጽሐፏን ይዛ መጸዳጃ ቤት ለምትደበቅ ልጅ ምን ላድርግ?

የ10 ዓመት ልጅ በአደራ እያሳደግኩ ነው። እኔ ጋ ከመጣች አምስት ወር ሆናት። በፊት የነበረችበት የአደራ ቤት ይደበድቧት ነበር። ጉዳዩ ለሚመለከተው ተነግሯል፤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋም ታውቃለች። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።

እዚያ ቤት ከውስጥ የሚቆለፈው የመጸዳጃ ቤቱ በር ብቻ ነበር። ሽፋን የሌለው፣ የመጀመሪያ ገጾቹ የተገነጠሉ አንድ የተረት መጽሐፍ ይዛ ትገባለች። ጩኸቱ እስኪያልፍ ታነባለች። «እሱን ሳነብ አልሰማቸውም» አለችኝ አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ።

አሁን የራሷ ክፍል አላት። መብራት አላት፣ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አላት። ግን ዛሬም የምታነበው መጸዳጃ ቤት ቆልፋ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነው። ያንኑ መጽሐፍ።

አዳዲስ ገዛሁ፤ አልነካቻቸውም። ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን ፈልጌ ሳመጣላት ደግሞ ባሰ። ለካ የጎደለውን መጀመሪያ ራሷ ፈጥራ ጨርሳዋለች! «ይሄ የኔ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። ማታ ማታ ጮክ ብዬ ላነብላት ሞከርኩ። ደህና እያዳመጠች ሳለ የክፉውን ሰውዬ ድምፅ ሳስመስል ፊቷን በክንዷ ጋረደች። (እኔ እኮ በትወናዬ እየኮራሁ ነበር።) እዚያው አቆምኩ።

በሩን አንኳኩቼባት አላውቅም። ያተረፋት እሱ ነውና ልነጥቃት አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ወይም ራሳችሁ እንዲህ ያደጋችሁ፦ መደበቂያዋን ሳላሳጣት ከጎኔ ተቀምጣ እንድታነብ ምን ላድርግ?