ያገለገለ ታንክ ለኮሸር ወይን ጠጅ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ የቤተሰብ መጥመቂያ የታሰበ 500 ሊትር የብረት ታንክ ኮሸር (በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ የተፈቀደ) ያልሆነ ወይን ጠጅ ነበረበት። መታጠቡ ብቻ ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የጋገረውን ቅርፊት ፍቁት። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ 24 ሰዓት አቆዩ፤ ደፍታችሁ እንደገና ሙሉ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ከአፉ ሥር ጣት የምታህል ቦታ ደረቅ ከቀረች ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ውሃው በጠርዙ እስኪፈስ ሙሉት። ኮሸርነቱን የሚቆጣጠረው ረቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገኝ።

መልስ 2፦ ወይኑን ለማጥራት የሚጨመረውንም አስቡ፤ ጄላቲን ከእንስሳ ስለሚሠራ ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ አፈር ይሻላል። እርሾውም የኮሸር ማረጋገጫ ይኑረው።

መልስ 3፦ ወይኑ መቩሻል (በሙቀት የተዘጋጀ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ቢነካውም ኮሸርነቱን የማያጣ) ካልሆነ፣ ከጭመቃው እስከ ጠርሙሱ መታሸግ ቧንቧ የሚከፍተው ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ ብቻ ነው። መቩሻል ከፈለጋችሁ ጭማቂውን ሳይብላላ ወደ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሴኮንዶች አድርሳችሁ ወዲያው አቀዝቅዙት። ሙቀቱ ከቆየ የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል።