ለሬዚን ሽታ የትኛው ማስክ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ለገጣፎ፣ ጓሮዬ ባለች የቆርቆሮ ክፍል የኢፖክሲ (ፈሶ የሚጠነክር ሬዚን) ጠረጴዛ እሠራለሁ። አሁን ለፋይበርግላስ ፖሊስተር ሬዚን ጀመርኩ፣ ሽታው ግን ራስ ያዞራል። በር ስከፍት የመንገዱ አቧራ ገብቶ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ኤን95 አለኝ፣ እሱ አይበቃም?

መልስ 1፦ ኧረ አይበቃም ወንድሜ! ኤን95 ብናኝ ነው የሚይዘው፣ ትነት ያልፈዋል። ያ ሽታ ስታይሪን ነው፣ ከፖሊስተር ሬዚኑ የሚተን ኬሚካል። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን የጎማ ማስክ ፈልግ፣ ግራና ቀኙ ላይ ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ የከሰል ማጣሪያ የሚገጠምለት። መርካቶ ስትሄድ በማስኩ ማማር አትሸወድ፣ ማጣሪያውን አገላብጠህ እይ። የአውሮፓው ቡናማ መስመርና «ኤ» ፊደል አለው፣ የአሜሪካው ጥቁር ነው። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሸጡልህ ቀኑንም አንብብ።

መልስ 2፦ ጺም ካለህ ላጨው፣ አለበለዚያ ብርህን ነው የምትጥለው፣ በጺሙ ሥር አየር ይገባል። ካጠለቅክ በኋላ ማጣሪያዎቹን በመዳፍህ ድፍን አድርገህ ትንፋሽ ሳብ፤ ማስኩ ፊትህ ላይ ልጥፍ ካለ ጥሩ ነው። ስትጨርስ ማጣሪያውን በላስቲክ አሽገህ አስቀምጥ፣ ሜዳ ላይ ከዋለ ሳትሠራበትም ያልቃል። ውስጥ ሆነህ ከሸተተህ ግን ዛሬውኑ ቀይር።

ጠያቂ፦ ኢፖክሲውስ? እሱ እኮ ብዙም አይሸትም።

መልስ 1፦ አለመሽተቱ ነው የሚያዘናጋው። ቆዳህን ካስቆጣ አለርጂው አይለቅህም፣ የናይትራይል ጓንት አድርግ። በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው ደግሞ የብናኝ ማጣሪያም ጨምርበት። በሩን በአቧራው ሰበብ እንዳትዘጋው፣ እርጥብ የሸማ መጋረጃ ስቀልበት። ደግሞ ስታይሪን ይቀጣጠላል፣ የቡና ከሰሉ ከዚያ ክፍል ይራቅ።