ለነርሲንግ የሚመደበው ገንዘብ ለማሠልጠን ይዋል ወይስ ለመቅጠር? የቡድናችን ክርክር

አወያይ (አራት ኪሎ)፦
ለዚህ ዙር የተመረጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ መንግሥት ለነርሲንግ ሙያ የሚያወጣውን ተጨማሪ ገንዘብ በቅድሚያ ብዙ ተማሪዎችን ቢያሠለጥንበት ይሻላል ወይስ የተመረቁትን ቢቀጥርበትና በሙያው ላይ ቢያቆይበት? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 27.9 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.9 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ፣ ጉድለቱም በአብዛኛው የሚታየው ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች እንደሆነ ገልጿል። በሌላ በኩል በከተማችን የሙያ ፈቃድ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ነርሶች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ጉዳይ እንዳንወጣ አደራ እላለሁ።

የነርሲንግ መምህር (ቸርችል ጎዳና)፦
እኔ ለሥልጠናው ቅድሚያ ይሰጥ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች በድምሩ እንደሚያስፈልጉ አስቀምጧል፤ አገራችን ከዚህ ልኬት በእጅጉ ትርቃለች። በዲግሪ ደረጃ አንድ ነርስ ለማፍራት አራት ዓመት ይፈጃል፣ የጽኑ ሕሙማን ወይም የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ለማድረግ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ዛሬ በጀት የለም ብለን ቅበላውን ብንቀንስ ጉዳቱን የምናየው ከዓመታት በኋላ ሆስፒታሎች በተስፋፉበት ጊዜ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የነርስ ሥልጠና ሕግ ካወጣች ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለነርሲንግ ትምህርት ገንዘብ ሲመድብ ቆይቷል። ለማስተማር የሚዘጋጅ ነርስ የነርሲንግ መምህራን ብድር በሚባለው መርሐ ግብር የተበደረውን የትምህርት ብድር፣ መምህር ሆኖ ካገለገለ እስከ 85 በመቶ ድረስ ይሰረዝለታል። ያን ያህል ሀብት ያላት አገር እንኳ ሥልጠናውን ለገበያ አልተወችውም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ (ልደታ)፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የጠቀሱት ቁጥር የሚለካው የሠለጠነውን ሰው ሳይሆን በሥራ ላይ ያለውን ነው። ሠልጥኖ ቤቱ የተቀመጠ ነርስ ወደ 4.45 አያቀርበንም።

የሌሊት ተረኛ ስሆን የማየውን ልንገራችሁ። የተረኞች ርክክብ እንዳለቀ ክፍሉ ውስጥ የምንቀረው ጥቂት ነርሶች ነን፤ አንዷ አዲስ ከገባው ሕመምተኛ ጋር ስትጠመድ ሌላው ሁሉ የአንድ ሰው ኃላፊነት ይሆናል። የሌሊቱ 6 ሰዓት መድኃኒት መጨረሻ ላይ ያለው ታካሚ ዘንድ የሚደርሰው 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ካልተሰጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጉሉኮስ የተሰካላቸውን ሰዎች ሁሉ እየዞርኩ መከታተል ስለማልችል አስታማሚውን «ሊያልቅ ሲል ጥራኝ» ብዬ አደራ እሰጠዋለሁ። ያ አስታማሚ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ልጅ ወይም እህት ነው፤ እንቅልፍ ቢወስደው ልወቅሰው አልችልም። በዚያችው ሌሊት ደግሞ ከእኔ ጋር የተመረቁ፣ ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባትም ሆነ ቫይታል ሳይን (የሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የትንፋሽ ልኬት) መውሰድ ጠንቅቀው የሚያውቁ ልጆች ሥራ አጥተው ቤታቸው ተኝተዋል። ስለዚህ እዚህ የጎደለው የሠለጠነ እጅ ነው ቢሉኝ አልቀበልም። የጎደለው በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ ነው።

ሥራ ፈላጊ ተመራቂ (ጎላ ሚካኤል)፦
የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃዱንም አልፌያለሁ። የመንግሥት ማስታወቂያ ዜሮ ዓመት ልምድ ብሎ ሲወጣ ለጥቂት መደብ የሚሰለፈው ሰው ብዛት ይህ ነው አይባልም፣ የግል ክሊኒኮች ደግሞ ሁለት ዓመት የሠራ ይሉናል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የተማርኩት ከእጄ እየጠፋ መሆኑ ነው፤ ነርሲንግ በተግባር ካልዋለ ይረሳል። መምህር፣ እርስዎ ያስተማሩት ተማሪ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤቱ ከተቀመጠ፣ መንግሥት ያወጣበት ገንዘብ ምን ላይ ዋለ እንላለን?

የበጀት ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦
የቅጥሩን ነገር ቀላል አድርገን እንዳናየው እሰጋለሁ። ሥልጠና የተወሰነ ጊዜ ወጪ ነው፤ ቅጥር ግን ሠራተኛው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየወሩ የሚከፈል መደበኛ በጀት ነው። በመስከረም 2018 በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ደመወዝ ከ9,056 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለሠራተኛው ይህ ከዋጋ ንረቱ አንጻር ጥቂት ነው፣ እስማማለሁ፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበት ጥያቄም ይኸው ነበር። ሆኖም ጭማሪው በመላው አገር ሠራተኛ ሲባዛ፣ አዲስ መደብ ለመክፈት የሚተርፈው ገንዘብ ይጠባል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ የበጀታቸውን 15 በመቶ ለጤና ለማዋል ቃል ገብተው ነበር፤ እኛም ሆንን አብዛኞቹ ፈራሚዎች እዚያ አልደረስንም።

በዕርዳታ ገንዘብ እንቅጠር የሚል ቢኖርም በ2017 የሆነውን ያስታውስ። የአሜሪካ ድጋፍ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2004 በለጋሾች ድጋፍ ለጤና ባለሙያዎቿ የ52 በመቶ የደመወዝ ማሟያ መክፈል ጀምራ ብዙዎችን በሥራቸው ላይ ማቆየት ችላለች፤ ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲጀመር የለጋሹ ዓመታት ሲያልቁ ክፍያውን ማን እንደሚረከብ ካልተወሰነ መዘዙ ለመንግሥት ይተርፋል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ (ልደታ)፦
ወንድሜ፣ ከባድ መሆኑን አልካድኩም። ነገር ግን የእኛው አገር ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጥዎታል። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ እንዲመደቡ ሲወሰን፣ የሚገቡበት መደብና ደመወዝ ከሥልጠናው ጋር አብሮ ታስቦ ነበር። በዕውቀት ደረጃ ከነርስ ያነሰ ሥልጠና ነው፣ ውጤቱ ግን የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የቀየረ መሆኑን ማንም አይክድም። ይህ የሆነው ሥልጠናውና ቅጥሩ በአንድ ዕቅድ ስለተያያዙ ነው። ለነርሶች ግን ኮሌጁ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መደቡ በሌላ፣ ደመወዙ በሦስተኛ ይወሰናል፤ አንዱ የሚያስመርቀውን ቁጥር ሌላው ሳያውቅ በጀቱን ይዘጋል።

ጡረተኛ ነርስ (ፒያሳ)፦
ልጆቼ፣ በእኔ ጊዜ የምደባው ደብዳቤ ከምርቃቱ ጋር ተያይዞ ይመጣ ነበር። ጎሬ ይሁን አሰላ አናውቅም፤ ሥራ እንዳለን ግን እናውቅ ነበር። ይህች አገር ነርሲንግን ያከበረችው ገና ከጅምሩ ነው፤ ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው እንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው ሕሙማንን ያገለገሉ ናቸው። እኔ ለመናገር የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሥልጠና ስትከራከሩ የምታወሩት ስለ ቁጥር ብቻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ዘመዴን ለማስታመም አንድ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ለተግባር ልምምድ የመጡ ተማሪዎች አልጋዋን ከበው ቆሙ፣ ወደ ሃያ ይሆናሉ። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ሲገባ ያዩት ከፊት የቆሙት አራት ወይም አምስት ናቸው፤ ከኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን ጀርባ ነው ያዩት። ዘመዴም ያ ሁሉ ወጣት ፊት ተገልጣ በኀፍረት ዓይኗን ጨፈነች። መጋረጃ የጋረደላት፣ «እናቴ፣ ይህን ላደርግልዎ ነው» ያላትም አልነበረም። የሚያሳያቸው መምህር አንድ ብቻ ነበር፤ የክፍሉ ነርሶችም ከሥራቸው ብዛት የተነሳ ቀና ብለው ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። እንዲህ የተማረ ልጅ ቢቀጠርስ ማንን ያስታምማል? ገንዘብ ይመደብ ከተባለ አልጋው አጠገብ ለሚያስተምር ነርስ ይመደብ። ለዚያ ሥራ ጊዜም አበልም ይቆረጥላት።

የነርሲንግ መምህር (ቸርችል ጎዳና)፦
ሲስተር፣ የተናገሩት ነገር ልቤን ነክቶታል። ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ በአሻንጉሊት ላይ የተማረውን ልጅ ወደ ሕመምተኛ የምታሻግረው የክፍሉ ነርስ ናት፤ እሷም በሥራ ዝርዝሯ ላይ ማስተማር አልተጻፈላትም፣ አይከፈላትም። በ2015 የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የሚለካው በወረቀት የሚለካውን ነው። ስለዚህ ሐሳቤን በዚህ መልኩ አጠብበዋለሁ፦ ለሥልጠና ይመደብ ስል ተጨማሪ ወንበር ማለቴ አይደለም፤ የተግባር አስተማሪዎችና የልዩ ሙያ ሥልጠና ማለቴ ነው። ቅበላው ግን ባለበት ይቀጥል፣ አይቀነስ።

የበጀት ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦
በተግባር አስተማሪዎቹ ላይ እስማማለሁ፤ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ብዙ የሚለውጥ ወጪ ነው። በቅበላው ላይ አልስማማም። መንግሥት ያስተማረው ነርስ ወደ ግል ሆስፒታል ወይም ወደ ዓረብ አገር ከሄደ ድሃው ግብር ከፋይ የከፈለው ገንዘብ ለሌላ ይሆናል። ቢያንስ የግዴታ አገልግሎት ይጠናከር።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ (ልደታ)፦
የምትቀጠርበት መደብ የሌላትን ልጅ በምን ላይ ነው አገልግዪ ብለን የምናስገድዳት? ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የባለሙያ እጥረታቸው አሳሳቢ ነው ብሎ በዘረዘራቸው 55 አገሮች ውስጥ ናት፤ ዝርዝሩ ሀብታም አገሮች ከእነዚህ አገሮች ባለሙያ በገፍ እንዳይመለምሉ ለማሳሰብ የወጣ ነው። እኛው ግን ያልቀጠርናትን ልጅ ሄደች ብለን እንወቅሳለን። የአሜሪካው የነርሶች ብድር ክፍያ መርሐ ግብር እጥረት ባለበት ተቋም ሁለት ዓመት ለሠራች ነርስ 60 በመቶ የትምህርት ዕዳዋን ይከፍላል፣ ሦስተኛ ዓመት ከጨመረች 25 በመቶ ይጨምርላታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 ለነርሲንግ ተማሪዎች የምትሰጠውን ድጎማ ካነሳች በኋላ አመልካቾች ቀንሰውባት፣ በ2020 ቢያንስ 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጋፍ ጀምራለች። ከእኛ በወጪ መጋራት የሚፈለገው ዕዳ አለ፤ ሁለት ዓመት ወረዳ ጤና ጣቢያ ላገለገለች ልጅ ያ ዕዳ ቢሰረዝላት ከመንግሥት ካዝና ዛሬ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ አይኖርም።

ሥራ ፈላጊ ተመራቂ (ጎላ ሚካኤል)፦
እኔ ነገ ቢሉኝ እሄዳለሁ። ከካዛንቺስና ከፒያሳ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሰፈሮች ተዛውሯል፤ ነፍሰ ጡሮቹም የስኳር ሕመምተኞቹም አብረው ሄደዋል። የነርስ መደቡ ግን ሰው በሄደበት ልክ ተከትሎ አልሄደም። ከዚያ ቢጀመር ምን ይላሉ?

የበጀት ባለሙያ (ካዛንቺስ)፦
ዕዳ መሰረዙን እደግፋለሁ። መደቡን በተመለከተ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ በየዓመቱ የተማሪ ቅበላ ከመጽደቁ በፊት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ስንት የነርስ መደብ እንደሚከፈት የፋይናንስና የጤና ቢሮዎች በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ቅበላው ከዚያ ቁጥር አይብለጥ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ (ልደታ)፦
በጽሑፍ ይቀመጥ የሚለውን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ቅበላው በመደቡ ይገደብ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ መደቡ ዛሬ ያለው በሕመምተኛው ቁጥር ተሰልቶ ስላልሆነ። መጀመሪያ ለአንድ ነርስ በአንድ የሥራ ፈረቃ ስንት ሕመምተኛ እንደሚገባት ይወሰን፤ መደቡም ቅበላውም ከዚያ ቁጥር ይነሳ።